ገድልና ተአምር፦ የሴት መሪዎች ታሪክ አተራረክ በንፋስ መውጫ አንባቢ ዓይን

መግቢያ

ስለ ታላላቅ ሴቶች የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ምኞት ይደመደማሉ፤ ይኸውም አንባቢዋ ከባለታሪኳ ሕይወት መንፈሷን የሚያነሣሣ ነገር ታገኝ ዘንድ ነው። ምኞቱ በጎ ነው። ነገር ግን አንድ ትረካ አንባቢን የሚያነሣሣው በምን ምክንያት ነው? አንዱ የሕይወት ታሪክ «እኔስ?» ሲያሰኝ፣ ሌላው «እሷማ ሌላ ናት» አሰኝቶ መጽሐፉን የሚያሳጥፈው ለምንድን ነው? ጥያቄው የአተራረክ ጥያቄም በመሆኑ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲን ይመለከታል።

በዚህ ጽሑፍ የሦስት ሴቶች ታሪክ የተተረከበት መንገድ ይመረመራል። እነርሱም ወለተ ጴጥሮስ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡልና ንግሥት ዘውዲቱ ምኒልክ ናቸው። የተመረጡት በዝናቸው ብቻ አይደለም። የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለበት ቆራጣ፣ ንፋስ መውጫም የምትገኝበት የደቡብ ጎንደር ክፍል ነው። ጣይቱ በወንድማቸው ልጅ በራስ ጉግሣ ወሌ በኩል ከበጌምድር አገዛዝ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የዘውዲቱ ዘመን የተዘጋው ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በወሎ አዋሳኝ በአንቺም ሜዳ በተደረገው ጦርነት ማግሥት ነው። ስለዚህ ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለምትመጣ ተማሪ እነዚህ ሴቶች የሩቅ አገር ሰዎች አይደሉም።

የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የጥንቱ የሥነ ጽሑፍ ባህላችን ስለ አንድ ቅዱስ ሲጽፍ «ገድል»ን ከ«ተአምር» ለይቶ ያስቀምጣል። ገድሉ ሰውዬው በሕይወቱ የታገለው ትግል ነው፤ ተአምሩ ከሰው ዐቅም በላይ የሆነው ነው። በዘመናችን ሴት መሪዎችን የምናወድስበት መንገድ ግን ይህን ልዩነት አፍርሶ ገድላቸውን ሁሉ ተአምር አድርጎታል። ተአምር ደግሞ ያስደንቃል እንጂ አያስተምርም። አርአያነት የሚገኘው ውሳኔው፣ የአሠራሩ ዘዴና የተከፈለው ዋጋ ከሚታይበት ትረካ ነው።

1. የውዳሴያችን ቃላት

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ የለም። በአንጻሩ አንዲት ሴት ከባድ ሥራ ስትፈጽም «እሷ እኮ ወንድ ናት» ይባልላታል። የመጀመሪያው ስድብ፣ ሁለተኛው ሙገሳ መስለው ይታያሉ። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምራቸው ግን ሁለቱም የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው። ዕውቀትና ድፍረት የወንድ ናቸው፤ ሴት ካሳየቻቸው ወይ በወንድ ሊያልቁ ነው፣ ወይም እሷ ራሷ ወንድ ሆናለች። ሙገሳው የምትመሰገነዋን ሴት ከፍ ሲያደርግ ሌሎቹን ሴቶች ባሉበት ይተዋቸዋል።

ይህ አነጋገር ወደ ጽሑፍ ሲገባ ቅርጹን ቀይሮ ይቀጥላል። ለአብነት በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩትን የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ታሪክ እንውሰድ። ስለ እርሳቸው ሲወሳ ተደጋግሞ የሚቀድመው ዓይነ ስውርነታቸውና ሴትነታቸው «ሳይበግራቸው» ሊቅ መሆናቸው ነው። አባባሉ ውሸት የለበትም። ነገር ግን የአድናቆቱ ማዕከል ያደረገው እንቅፋቱን ነው እንጂ ሙያውን አይደለም። ከቅኔ መምህር አባታቸው በጆሮ እየሰሙ፣ በቃል እየያዙ ግሱን እንዴት እንደዘለቁት፣ ወንበሩን ከአባታቸው ተረክበው ወንዶች ተማሪዎችን በምን ሥርዓት እንዳስተማሩ የሚያሳይ ትረካ ቢኖረን ጥቅሙ የላቀ በሆነ ነበር። ይህ በተለይ ለጋይንት አንባቢ ግልጽ ነው። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕትም ማዕከል የሆነችው የዙር አምባ አገር ናት። አንድ ተማሪ ለመመስከር ስንት ዓመት እንደሚለፋ፣ በስንት ደጅ ቁራሽ ለምኖ እንደሚያድር የአካባቢው ሰው ያውቃል። በዚያ አገር ላደገች ልጅ ሊቅነት ከሰማይ እንደማይወርድ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያ ልፋት በሴትም ሕይወት ውስጥ እንደ ልፋት ተተርኮ ማየቷ ነው።

2. ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፦ ውሳኔና ዋጋ

ወለተ ጴጥሮስ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመኳንንት ወገን ተወልዳ፣ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ሲቀበል ባሏን ትታ መነነች፤ አዋጁን ተቃወመች፤ በንጉሡ ፊት ቆመች፤ ተጋዘች። ማኅበራትን መሥርታ ስትመራ ኖራ በ1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለው ጸሐፊ በግእዝ የጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመታት በኋላ፣ በ1665 ዓ.ም. ገደማ ነው። ድርሰቱ በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከታተመ ወዲህ ከአገር ውጭም ብዙ አንባቢ አግኝቷል።

ገድሉ የዘውጉን ልማድ ተከትሎ ይጀምራል። ገና ሳትወለድ ታላቅነቷ በራእይ ይነገራል፤ በእናቷ ማኅፀን ብርሃን ይታያል። ይህ ክፍል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለታሪኳ ለአንባቢ የማትደረስ በሆነች ነበር። ከተወለደች ጀምሮ የተመረጠች ሰው ምን ትወስናለች? ትረካው ወደ ትዳር ሕይወቷ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ይሞታሉ። ከባሏ ቤት ተደብቃ ትወጣለች። ባሏ ተሸሽጋበታለች የተባለውን አገር ሲያጠፋ ግን ሕዝቡ በእርሷ ምክንያት እንዳይጎዳ ወደ ትዳሯ ትመለሳለች። ዳግመኛ የምትወጣው ባሏ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ሞት እጁ እንዳለበት ስትረዳ ነው።

በሴራ አወቃቀር ረገድ ይህ የመመለስ ክፍል የገድሉ ታላቅ ስፍራ ነው ማለት ይቻላል። ውዳሴ ብቻ የሚፈልግ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ በዘለለው ነበር፤ ምክንያቱም ከድል ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል። ገላውዴዎስ ግን አልዘለለውም። በዚህም ባለታሪኳ ሁለት መልካም ነገሮች ሲጋጩባት ያሳየናል፤ በአንድ በኩል የራሷ መሻት፣ በሌላው በኩል በእርሷ ሰበብ የሚጎዳው ሕዝብ አለ። መሪነቷ የሚጀምረው ማኅበር ከመሠረተችበት ቀን ሳይሆን የውሳኔዋን ጦስ ሌላ ሰው እንዳይሸከመው ካሰበችበት ቀን ነው። አንባቢዋ በዚህ ስፍራ ላይ የምታገኘው ብርሃን ለብሳ የተወለደች ቅድስትን ሳይሆን መንታ መንገድ ላይ የቆመች ወጣት ሴትን ነው።

ሁለተኛው ሊተኮርበት የሚገባው የአሠራር ዘዴዋ ነው። በንጉሡ ትእዛዝ ወደ ዠበይ ተግዛ ሦስት ዓመት ስትቆይ የግዞት ስፍራዋ የመጀመሪያው ማኅበር መነሻ ሆነ። ከዚያም እስከ ዕረፍቷ ሰባት ማኅበራትን መርታለች። ወንዶችና ሴቶች የሚገኙበትን ብዙ ሕዝብ መመገብ፣ ማስፈር፣ በሽታ ሲመጣ ማንሣት፣ ንብረትን የጋራ ማድረግ፣ ሥርዓት ማውጣትና ማስከበር ነበረባት። ገድሉ ይህን ሁሉ ከጸሎቷ እኩል ይዘግባል። ከጎኗ ሳትለይ የኖረችው እኅተ ክርስቶስ ከእርሷ በኋላ የማኅበሩ መሪ መሆኗም ሊዘነጋ አይገባም። ተአምር ወራሽ የለውም፤ ሥርዓት ግን ወራሽ አለው። ቆራጣ ላይ የተተከለው ገዳም ለረጅም ዘመን የተማጽኖ ስፍራ ሆኖ የኖረው በሥርዓቱ ነው።

ይሁን እንጂ ገድሉም ከላይ ከተነሣው የውዳሴ ችግር ፈጽሞ ነፃ አይደለም። ሴት እንዳታስተምር የሚከለክለውን የሐዋርያው የጳውሎስን ቃል ጠቅሰው መሪነቷን የሚነቅፉ ሊቃውንት በድርሰቱ ውስጥ ይነሣሉ። ለነቀፋው የሚሰጠው መልስ በመንፈሱ፣ ወንዶች ስለ ደከሙ እግዚአብሔር እርሷን አስነሣብን የሚል ነው። መልሱ ነቃፊዎቹን ዝም ያሰኛል፤ ለወለተ ጴጥሮስም ጥላ ይሆናታል። ነገር ግን በዚህ አስተሳሰብ የሴት መሪነት የወንድ ድክመት ማስረጃ ነው፤ ወንዶቹ ቢበረቱ ኖሮ አስፈላጊ ባልሆነ ነበር። እንግዲህ ገድሉ በአንድ ገጽ ላይ መሪነቷን በሥራዋ ሲያስረዳ፣ በሌላው ገጽ ላይ በእርሷ ሥራ ሳይሆን በሌሎች ጉድለት ያስረዳዋል። ሐያሲው ይህን ውስጣዊ ግጭት መሸፈን የለበትም። ድርሰቱን ሕያው የሚያደርገው እርሱ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ገድል የሚጻፈው ለበረከትና ለአማላጅነት ነው፤ ስለ አርአያነት መጠየቅ ከዘውጉ ውጭ የሆነ መለኪያ ማምጣት አይሆንምን? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሆኖም መለኪያው ከውጭ የመጣ አይደለም። ድርሰቱ ራሱ ገድሉን፣ ተአምሩንና መልክኡን ለያይቶ ያቀርባል። ተአምሩ ለሚማጸን፣ መልክኡ ለሚያመሰግን ነው። ገድሉ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው የትግል ታሪክ ነው፤ ትግል የሚተረከው እንዴት እንደ ተታገሉት እንዲታወቅ ነው።

3. እቴጌ ጣይቱ፦ በዐድዋ የሚቆመው ትረካ

ስለ እቴጌ ጣይቱ ያለን የጽሑፍ ሀብት ከወለተ ጴጥሮስ የሰፋ ነው። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪከ ነገሥት አለ፤ የውጭ አገር ሰዎች ዘገባዎች አሉ፤ በኋላ ዘመን የተጻፉ የሕይወት ታሪኮችና ተውኔቶችም አሉ። ይህ ሁሉ ሀብት ሳለ ግን በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት ጣይቱ ባመዛኙ የአንድ ንግግርና የአንድ ቀን ጣይቱ ናቸው። ንግግሩ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ በመቃወም የተናገሩት ነው፤ ቀኑ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ በሚቀርቡ ግጥሞችና የመድረክ ዝግጅቶች የሚደገሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ንግግር ለመድረክ ስለሚመች ተመራጭነቱ አያስገርምም። ከአርአያነት አንጻር ግን ከዐድዋ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በመቀሌ የሆነው ነገር ይበልጣል። ጣሊያኖች በመቀሌ ምሽግ ውስጥ መሽገው ወደ ምሽጉ የሚደረገው ግፊያ ብዙ ሰው ባስጨረሰ ጊዜ የምሽጉን ሰዎች የሚያጠጣው ምንጭ እንዲያዝ የመከሩት ጣይቱ እንደ ነበሩ ይታወቃል። ምንጩ ተያዘ፤ ምሽጉም በጥር ወር 1888 ዓ.ም. ተለቀቀ። ይህ በጩኸት የተገኘ ድል አይደለም። ሰው በቀን ስንት ውኃ እንደሚፈልግ፣ ያለ ውኃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ማስላትን የጠየቀ ምክር ነው። በገጠር ያደገች ኢትዮጵያዊት ልጅ ይህን ስሌት ከማንም በፊት ታውቀዋለች፤ እንስራ ተሸክማ ምንጭ የወረደችው እርሷ ናትና። ከቤት ሥራ የተገኘ ዕውቀት በጦር ሜዳ የአገር ዕውቀት የሆነበት ይህ ምዕራፍ ከንግግሩ ያነሰ የተጻፈበት መሆኑ የሚያስቆጭ ነው። አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. የመቆርቆራቸውና በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል የማቋቋማቸው ታሪክም እንደዚሁ የአደራጅነት ታሪክ ነው።

ሌላው የትረካው ጉድለት አጨራረሱ ነው። ታሪኩ በዐድዋ ላይ ሲቆም ዋጋው አይታይም። ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ጣይቱ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው አስገቡ፤ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው፤ የመጨረሻ ዓመታቸውን በእንጦጦ አሳልፈው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። በዐድዋ «ጀግና» ያሰኛቸው ቆራጥነት ከ14 ዓመት በኋላ «ሥልጣን ወዳድ» አሰኛቸው። ጠባዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጠባዩን የሚጠራው ስም ነው። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የማያቀርብ ትረካ አንባቢዋን ለድሉ ያዘጋጃታል እንጂ ከድሉ በኋላ ለሚመጣው አያዘጋጃትም።

4. ንግሥት ዘውዲቱና አንቺም

ጣይቱ በ1892 ዓ.ም. ገደማ የእንጀራ ልጃቸውን ዘውዲቱን ከወንድማቸው ልጅ ከጉግሣ ወሌ ጋር አጋቡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ከዙፋኑ ጋር የመጣው ግዴታ ከዚህ ባላቸው መለየት ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ባለትዳር ነበሩ፤ ትዳራቸውን ይፍቱ ያላቸው የለም። ጉግሣ በበጌምድር ገዥነት ቆዩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ሜዳ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ገጥመው ወደቁ፤ በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ጥሏል። መጋቢት 24 ቀን ዘውዲቱ ዐረፉ።

የአንቺም ጦርነት ብዙ ጊዜ የሚተረከው በጉግሣና በተፈሪ መካከል የነበረ ግጭት ሆኖ ነው። የግጭቱ ሁለት ጫፎች የሚገናኙባት ሴት በትረካው ውስጥ የምትገባው በሞቷ ዜና ነው። የዘውዲቱ ጠቅላላ ታሪክም ከዚህ አይለይም። በአባታቸውና በአልጋ ወራሻቸው መካከል ያለ መሸጋገሪያ ሆነው ይቀርባሉ። «የመጀመሪያዋ» የሚለው ማዕርግ ይሰጣቸውና ምዕራፉ ይዘጋል።

ዘውዲቱ እንደ ጣይቱ የሚጠቀስ የድል ቀን የላቸውም። ታዲያ ከእርሳቸው ሕይወት ምን ይገኛል? የዚህ ጽሑፍ መልስ፣ ከሦስቱ ይልቅ ለአብዛኛው አንባቢ የሚቀርበው የእርሳቸው ሕይወት ነው የሚል ነው። ግማሽ ሥልጣን ይዞ ሙሉ ኃላፊነት መሸከም፣ ሌሎች በወሰኑት ውሳኔ ላይ ስምን ማስፈር፣ ለሥራው ሲባል ቤትን ማጣት በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ የሚታይ ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ከ13 ዓመት በላይ የቆዩት እንዴት እንደሆነ የሚመረምር የሥነ ጽሑፍ ሥራ ቢገኝ ከብዙ የድል ግጥም በላይ ያስተምራል። ለልብ ወለድ ጸሐፊም ሆነ ለጸሐፌ ተውኔት ያልተነካ ማዕድን ነው። አንቺም የቀረበው ደግሞ ለጋይንት ጸሐፊ ነው።

5. ከተተራኪነት ወደ ተራኪነት

እስከ አሁን የተመለከትናቸው ሴቶች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ከዋና ዋናዎቹ ታሪኮቻቸው ብዙዎቹን የጻፉት ወንዶች ናቸው። ይህ ብቻ ጽሑፎቹን ዋጋ አያሳጣቸውም፤ ገላውዴዎስ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን መሪዋ ራሷ ብዕር ስትይዝ ምን እንደሚለወጥ መጠየቅ ይገባል። ስንዱ ገብሩ (1908–2001 ዓ.ም.) በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ተሰልፈው ወደ ጣሊያን አገር ተግዘዋል፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘውን ሥራቸውን ያሳተሙት ግን ከዚያ በፊት በ1942 ዓ.ም. ነው። መጽሐፍ ከሥልጣን ቀድሞ መገኘቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በርዕሱ ላይ ያለው «የልቤ» የሚለው ባለቤትነትም ቀደም ባሉት ትረካዎች ያጣነው ድምፅ ነው። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ከ2011 እስከ 2017 ዓ.ም. በርእሰ ብሔርነት በቆዩባት አገር «የመጀመሪያዋ» የሚለው ማዕርግ ከእንግዲህ ብዙ አይቀረውም። የሚቀረው የምስክርነቱ ጽሑፍ ነው።

ጥያቄው ለንፋስ መውጫ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ከተማዋን በያዙባቸው ቀናት ሴቶች ተደፍረዋል፤ ቤታቸውና ሱቃቸው ተዘርፏል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ ምስክርነታቸውን በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጓል። ከዚህ በኋላ በዚያች ከተማ ስለ ሴት ጀግንነት የሚያወራ ማናቸውም ጽሑፍ በእነዚህ ሴቶች ፊት እንደሚነበብ ማወቅ አለበት። ድልን ብቻ የሚቆጥር ትረካ ለተጎዳች ሴት የሚነግራት አንድ ነገር ነው፤ አንቺ አልበረታሽም ይላታል። ይህ ግፍ ላይ የሚጨመር ግፍ ነው። እነዚያ ሴቶች የደረሰባቸውን በቃላቸው መናገራቸው በራሱ ትረካ ነው። ጀግና እንዲባሉ ሳይገደዱ ሊደመጡ ይገባቸዋል።

ልጆቿን ያጣችው፣ ሸሽታ የተመለሰችው፣ የተጋዘችው ወለተ ጴጥሮስ በዚህ ጊዜ የምትነበበው ከዚህ የተነሣ ነው። ገድሏ ብርታትን ከኪሣራ ለይቶ አያቀርብም። መጎዳትና መምራት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ ያሳያል፤ ይህን ለማሳየትም ጉዳቱን አያሳንስም።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንደ ተሞከረው፣ የሴት መሪ ታሪክ አንባቢን የሚያነሣሣው በባለታሪኳ ታላቅነት መጠን አይደለም። የትረካው ግልጽነት ይወስነዋል። ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ውሳኔዋን፣ ሥርዓቷንና ዋጋዋን ስላስቀመጠልን ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ሰው የሚያነሣሣ ድርሰት ነው። የጣይቱ ታሪክ በንግግራቸው ላይ ቆሞ ምንጩን ሲዘነጋ፣ የዘውዲቱ ታሪክ በማዕርጋቸው ላይ ቆሞ ሕይወታቸውን ሲዘነጋ ተአምር ብቻ ይቀረናል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ተግባራት ይጠቁማሉ። ለተመራማሪዎች፦ ስለ ሴት መሪዎች የተጻፉ ድርሰቶችን ስንሄስ «አወደሰ ወይስ ነቀፈ?» ከማለት ይልቅ «እንዴት እንደ ሠራችው አሳየን ወይ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። ለተማሪዎች፦ በቤተ ልሔምና በዙር አምባ አካባቢ፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች እድር የሚመሩ፣ ሽምግልና የሚቀመጡ፣ ከጦርነት በኋላ ቤት መልሰው ያቆሙ ሴቶች አሉ። ታሪካቸው በቃል እንዳለ ነው። ሊሰበሰብና ሊጻፍ የሚገባው እነርሱ በሕይወት ሳሉ፣ በራሳቸው አንደበትና በፈቃዳቸው ነው። ጸሐፊው ሲጽፍም «ወንድ ናት» የሚለውን ሙገሳ ትቶ ሥራዋን በስሙ ይጥራው።